በቀይ ክር የሰፋሁት ቁጥር

ሃያ ከሃያ ነው ያመጣሁት። ይኼን አስቀድሜ ልናገር፣ በኋላ «የማታውቅ ሴት ናት፣ አልገባት ነው» የሚል እንዳይኖር። አርባ ሁለት ሴቶች በተቀመጥንበት ክፍል ስለ ኢንተርኔት አደጋ ፈተና ተሰጥቶ ሃያውንም የመለስኩት እኔ ብቻ ነኝ። ሃምሳ ሦስት ዓመቴ ነው። ፊሺንግ ምን እንደሆነ፣ ማልዌር ምን እንደሚሠራ፣ ስፓይዌር በምን እንደሚለይ ከእንቅልፌ ብትቀሰቅሱኝ እነግራችኋለሁ። ታዲያ ምን ዋጋ አለው! የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች የሚባለው ለእኔ ነው።

የምሠራው የሥራ ልብስ የሚሰፋበት ድርጅት ውስጥ ነው። የሐኪም ጋውን፣ የአስተናጋጅ ሽርጥ፣ የጥበቃ ሸሚዝ እንሰፋለን። እኔ የስፌት ክፍሉ ኃላፊ ነኝ። ልጆቹ ከኋላዬ «መቀስ» ይሉኛል፤ የማልሰማ ይመስላቸዋል። ስሙን ያወጡልኝ ጨርቅ ስለምቆርጥ አይደለም፣ ሰው ስለምቆርጥ ነው። ጠማማ ስፌት ካየሁ እፈታዋለሁ፤ ከፈታሁ በኋላ ደግሞ ለሰፊዋ የሚገባትን እነግራታለሁ። ይቅርታ የሚባል ነገር ከአፌ ወጥቶ አያውቅም። ተሳስቼ እንኳ ብገኝ «እሺ፣ እንቀጥል» ነው የምለው። እናታችን በሕይወት ሳለች «አንቺ ልጅ፣ ይቅርታ ስትዪ የምሰማው መቃብሬ ላይ ነው» ትለኝ ነበር። እዚያም አላልኩላትም።

ስፌት ክፍል ውስጥ ስልክ ይዞ መግባት ክልክል ነው። ማሽን ላይ ተቀምጣ ስልክ የምታይ ሴት ጣቷን ትሰፋለች፤ ሁለቴ ደርሶብናል። ስለዚህ በሩ አጠገብ ግድግዳው ላይ አርባ ሁለት ኪስ ያለው ትልቅ ሸራ ተሰቅሏል። ጠዋት ስንገባ ስልካችንን በየኪሳችን እንከታለን። በሩን የሚጠብቁት ጋሼ ሸራው ሥር ወንበራቸው ላይ ይቀመጣሉ።

ከሁለት ዓመት በፊት የካውያዋ፣ ልብስ የምትተኩሰውን ነው እንዲህ የምንላት፣ ባሏ ከመሰላል ወደቀ። ስልኳ ኪሱ ውስጥ ጮኸ፣ ጮኸ፣ ጮኸ። ጋሼ ከጓሮ ሮጠው ሲደርሱ ጥሪው ቆሟል፤ መልሰው እንዳይደውሉ ስልኩ ተቆልፏል። እሷ የሰማችው ከሥራ ስንወጣ ነው። ባልየው ተረፈ፤ ግን ያን ቀን በር ላይ ቁጭ ብላ ያለቀሰችው ለቅሶ አንጀቴን በላው፣ እኔም ዘዴ ፈጠርኩ። የእያንዳንዷን ሴት ስልክ መክፈቻ ቁጥር ጠየቅሁና በየኪሷ ላይ ሰፋሁት። አስቸኳይ ነገር ከመጣ ጋሼ ከፍተው መልሰው ይደውላሉ፣ መልእክቱንም ያነባሉ። ዓይናቸው ደከም ስላለ ቁጥሮቹን የመዳፍ ያህል አድርጌ፣ በቀይ ክር፣ በሰንሰለት ስፌት ነው የሰፋሁት። ከደጅ ሆኖ ይነበባል። ሥራ አስኪያጁ አይቶ አጨበጨበልኝ። የመጀመሪያው ኪስ የእኔ ነው፤ ቁጥሩም ታናሽ እህቴ የተወለደችበት ዓመት ነው።

ታናሽ እህቴን ሚጢ ነው የምንላት። ያሳደግኋት እኔ ነኝ፤ መርፌ ያስያዝኳትም እኔ ነኝ። ከእኔ ማሽን ቀጥሎ ያለው ማሽን የእሷ ነበር። ባሏ ደግሞ ከጨርቅ ሻጩ ጨርቅ የሚያመጣልን ሹፌር ነው፤ ማክሰኞና ዓርብ ረፋድ ላይ ይመጣል። ድምፁን ከፍ አድርጎ የማይናገር፣ ሴት ሳታልፍ በር የማያልፍ፣ እሷን ሰምቶ እኔንም «እትዬ» የሚለኝ ሰው። «እንዲህ ያለ ጨዋ የት ይገኛል!» ብዬ የዳርኳት እኔው ነኝ። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ አሉ። ከአራት ወር በፊት ከቀኝ እጇ ሁለት ጣቶቿ ተሰብረው ቤቴ መጣች። «በር መታኝ» አለች። በር ሲመታት ሦስተኛ ጊዜዋ ነበር።

ከሰስን። ፍርድ ቤቱ እንዳይቀርባት ትእዛዝ ጻፈ። ትእዛዝ ግን ወረቀት ነው፤ ወረቀት ደጅ ቆሞ አይጠብቅም። አንድ ቀን «የትም ብትሄድ አገኛታለሁ፣ ያኔ በጣት አይቀርም» ማለቱን ከሰው ሰማሁ። በማግሥቱ አራት ሰዓት መንገድ ወደሚርቅ ከተማ ወስጄ ደበቅኋት። ልብስ ማጠቢያ ቤት ሥራ አገኘች። የት እንዳለች ከእኔ በቀር የሚያውቅ ነፍስ የለም። እየተጻጻፍን ነበር የምንኖረው። ሕግም አወጣሁላት፦ የማታውቂውን ቁጥር እንዳታነሺ፤ «እህትሽ ነኝ፣ ከሌላ ስልክ ነው» የሚል መልእክት ከመጣ እሱ ነው፣ ዝጊው።

እሱም ማክሰኞና ዓርብ መምጣቱን አላቋረጠም። ሥራ አስኪያጁን አባርልኝ ስለው «ሹፌሩ የእኛ አይደለም፣ ውሉ ከጨርቅ ሻጩ ጋር ነው» አለኝ። ጨርቁን እያወረደ፣ ዓይኑ እንባ አቅርሮ፣ «እትዬ፣ ደህና መሆኗን ብቻ ይንገሩኝ፣ ሌላ አልጠይቅም» ይለኛል። «አላውቅም» እለዋለሁ። እያሳሳቀ የሚወስድ ውኃ! እኔ ግን ምስጢር ከሆዴ እንደማይወጣ ስለማውቅ አልፈራሁትም ነበር። ልቤ አብጦ ነበር ብል ይሻላል።

ያ ዓርብ ሲደርስ ጨርቅ አልመጣም። ሦስት ሰዓት ሆነ፣ የለም። ሦስት ተኩል፣ የለም። አርባ ሁለት ማሽን ዝም አለ፣ አርባ አንድ ሴት ወሬ ጀመረች፣ እኔ ደሜ ፈላ። ቢሮ ውስጥ ደግሞ የኮምፒውተር ባለሙያዋ መጥታለች፤ መነጽሯ ግማሽ ፊቷን ይሸፍናል። ጸሐፊው «ሽልማት ደርሶዎታል» የሚል መልእክት ከፍቶ የትእዛዝ መዝገቡን ኮምፒውተር በማልዌር፣ በዚያ አጥፊ ፕሮግራም፣ አስበልቶት ያንን ልታጸዳ ነው። ሥራ አስኪያጁ «እጃችሁ ባዶ ከሆነ ያ ያስተላለፍነው ሥልጠና ዛሬ ይሰጥ» አለ።

ባለሙያዋ ከፊታችን ቆመች። ልጅ እግር ናት፣ ግን ታውቃለች። «ፊሺንግ ማለት ዓሣ እንደማጥመድ ነው» አለች። «መንጠቆው አይታይም፤ የሚታየው ትሉ ነው። ዓሣው የሚወደውን ነገር ነው የሚያቀርቡለት።»

«ጸሐፊያችን ሽልማት ይወዳል» አልኩ። ሳቁ።

«ሶሻል ኢንጂነሪንግ የሚባለውስ? ማሽኑን ትቶ ሰውየውን አባብሎ መክፈት ነው።»

«አፈ ቅቤ ልበ ጩቤ በሉት፣ አለቀ!» አልኩ።

«ልክ ነሽ እናቴ» አለችኝ።

«እናትሽ አይደለሁም፣ ቀጥዪ።»

ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫን ስታስረዳ የካውያዋ አልገባትም። እኔ ነኝ ያስረዳኋት። «ድርብ ስፌት ነው። አንዱ ክር ቢበጠስ ሁለተኛው ይይዛል። ፓስወርድሽ ቢሰረቅ እንኳ ወደ ስልክሽ የሚላከው ቁጥር ከሌለ ሌባው አይገባም።» ባለሙያዋ «እንዲህ አድርጎ ያስረዳልኝ ሰው የለም» አለች። እኔ እንግዲህ አበጥኩ። ፈተናውን ስትሰጥ አንደኛው ጥያቄ «ፓስወርድዎን ለማን ይነግራሉ?» የሚል ነበር። «ለማንም!» ብዬ ጻፍኩ፣ በቃለ አጋኖ። ጀርባዬን ለሸራው ሰጥቼ ነበር የተቀመጥኩት።

ሃያ ከሃያ። አጨበጨቡልኝ። ልቤ እንዴት ደስ እንዳለው!

«አሁን ደግሞ በተግባር» አለች ባለሙያዋ። «ስልካችሁን አምጡና መልእክት የምትጻጻፉበትን ክፈቱ። ቅንብሩ ውስጥ 'የተገናኙ መሣሪያዎች' የሚል አለ። መልእክታችሁ ከእናንተ ስልክ ሌላ የት የት እንደሚነበብ ያሳያችኋል። ባዶ መሆን አለበት።»

ሁሉም ስልኩን ከየኪሱ አወጣ። «ባዶ» አለች አንዷ። «ባዶ» አለች ሁለተኛዋ። እኔም ከፈትኩ። አንድ መሣሪያ ይላል።

መነጽሬን አደረግሁ። አንድ መሣሪያ። የተገናኘው ከሦስት ሳምንት በፊት፣ ማክሰኞ፣ ረፋድ ሦስት ሰዓት ከሩብ። ከሥሩ በአረንጓዴ፦ «አሁን በሥራ ላይ»።

«ይኼ ስልክ ተበላሽቷል» አልኩ።

ባለሙያዋ መጣች፣ አየች። ፊቷ ተለወጠ። «አልተበላሸም። አንድ ሰው ሌላ ስልክ ላይ መልእክቶችሽን ሁሉ እያነበበ ነው። አሁን፣ በዚች ደቂቃ።»

«አይሆንም! ማንም ስልኬን አይነካም!»

«ይህን ለማድረግ ስልክሽን ከፍቶ ለአንድ ደቂቃ መያዝ አለበት። መክፈቻ ቁጥርሽን ማን ያውቃል?»

«ማንም አያውቅም አልኩሽ እኮ! ማንም!» ጮህኩ።

ባለሙያዋ ከትከሻዬ በላይ እያየች ነበር። እኔም ዞርኩ። ሸራው ተሰቅሏል፣ ኪሶቹ ባዶ ናቸው፣ በመጀመሪያው ኪስ ላይ የመዳፍ ያህል አራት ቀይ ቁጥር። «እኔ የሠራተኛ መለያ ቁጥር መስሎኝ ነበር» አለች ልጅቷ ቀስ ብላ።

ክው አልኩ።

ጋሼ ከወንበራቸው ተነሡ። ቆባቸውን አወለቁ። «ማክሰኞ…» አሉ። «ያ ሹፌር… ጨርቁን አውርዶ ላብ በላብ ሆኖ፣ ጋሼ ውኃ ያጠጡኝ አለኝ። ከጓሮ ቀድቼ እስክመጣ…» ሊጨርሱት አልቻሉም። እኔም እንዲጨርሱት አልፈለግሁም።

ወይኔ! ወይኔ ልጄ! ያን ጊዜ ነው ጠዋት የሆነው ትዝ ያለኝ። ብርድ እየገባ ስለሆነ ብርድ ልብስ ልላክልሽ፣ ቤትሽን በደንብ ንገሪኝ ብዬ ሳምንት ሙሉ የነዘነዝኳት እኔ ነኝ። «በጽሑፍ አይሆንም» ስትለኝ «ለእኔ ነው እኮ፣ ምን ትፈሪያለሽ!» አልኳት። ዛሬ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ጻፈችልኝ፦ የከተማውን ስም፣ ከመናኸሪያው ጀርባ፣ ሰማያዊ በር፣ ከሥራ የምትመለሰው አሥራ አንድ ሰዓት። ጨርቁ ለምን እንደቀረ ገባኝ። ሰውየው ጨርቃችንን እንደጫነ ወደ እህቴ ቤት እየነዳ ነው። አንድ ተኩል ላይ ከተነሣ አምስት ተኩል ላይ ይደርሳል። ሰዓቱን አየሁ፤ አምስት ሰዓት።

የካውያዋ ወንበር ገፋችልኝ።

ወደ ሚጢ ደወልኩ። አታነሣም። ሥራ ላይ ስልኳ ቦርሳዋ ውስጥ ነው የሚውለው፤ የምታየው ምሳ ስትወጣ ስድስት ተኩል ላይ ነው። ይህንንም ያስለመድኳት እኔ ነኝ። የማጠቢያ ቤቱን ስልክ ደግሞ አልያዝኩም። ባለሙያዋ ስልኩን ከእጄ ወሰደች። «ከዚህ ስልክ ምንም እንዳትናገሪ። ስልክሽ ተከፍቶ እጁ ገብቷል፤ ስፓይዌር፣ የሚሰልል ፕሮግራም፣ ጭኖበትም ሊሆን ይችላል። ከዚህ የሚወጣ ቃል ሁሉ እሱ ጆሮ ይገባል ብለሽ ቁጠሪ።»

«አስወጪው እንግዲያ! አሁኑኑ ቁረጪው!»

«እቆርጠዋለሁ። ግን ከቆረጥኩት እንደነቃንበት ያውቃል። ቤቷን ያውቃል፣ የምትገባበትን ሰዓት ያውቃል። የነቃ ሰው ደግሞ ይቸኩላል።»

«በአንቺ ስልክ ልጻፍላት» አልኩና አፌን ያዝኩ። የማታውቂው ቁጥር፣ «እህትሽ ነኝ፣ ከሌላ ስልክ ነው»። ሳታነበው ትዘጋዋለች። እንዴት ያለ ጉድ ነው! በሩን ሁሉ በገዛ እጄ ቆልፌ፣ አንዱን ብቻ ለእሱ ከፍቼለታለሁ።

ሥራ አስኪያጁ ለሁለቱም ከተማ ፖሊስ ደወለ። የእኛዎቹ የፍርድ ቤቱን ትእዛዝ ቁጥር ጠይቀው እንመጣለን አሉ። የዚያኛው ከተማ ሰው «ሰማያዊ በር ብዙ ነው፤ ሰው ስናገኝ እንልካለን» አለ። ሰው ስናገኝ! እህቴ ሰው አይደለችም?

ተቀምጬ መንጠቆውን አሰብኩ። እውነቴን ነው፣ ፊሺንግ የገባኝ ያን ጊዜ ነው እንጂ ፈተናው ላይ አይደለም። ዓሣው የሚወደውን ነገር ነው የሚያቀርቡለት። ይኼ ሰው የሚፈልገው ሚጢን ነው። የእኔን ስልክ ደግሞ ያምነዋል፤ ሰርቆ ያነበበውን የማያምን ማን አለ?

«ስልኩን ስጪኝ» አልኳት።

«ምን ልታደርጊ?»

«ላጠምድ።»

እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «ሚጢዬ፣ ይቅርታ አድርጊልኝ። ብቻሽን ስለተውኩሽ ይቅርታ። የሥራ አስኪያጁ መኪና አንቺ ጋ ከተማ ውስጥ አለ፤ አሁን ከሥራሽ ቦታ ይወስድሻል። ልብስ ልያዝ ብለሽ ቤት እንዳትገቢ። አሥር ሰዓት ላይ ስፌት ክፍሉ በር ላይ እጠብቅሻለሁ። ይቅርታ እህቴ።»

ባለሙያዋ በትከሻዬ ላይ አነበበች። «እሱስ እሺ፣ ይመለስ ይሆናል። እሷ ግን ታምነዋለች እኮ! መኪናው ሳይመጣላት ሲቀር በአውቶቡስ ትመጣለች፣ ቀጥታ እሱ እጅ ላይ።»

«ሦስቱን ይቅርታ አየሽ?»

«አየሁ።»

«እኔ ይቅርታ አልልም። ሚጢ በሠላሳ አራት ዓመቷ አንድ ጊዜ እንኳ ከእኔ ሰምታው አታውቅም። ይህን ቃል ካየች ነገር እንደተበላሸ ታውቃለች።»

«እሱስ አይጠረጥርም?»

የካውያዋ ናት የመለሰችላት። «እሱ?» አለች። «እሱ ቃሉን ለምዶታል። በመታት ቁጥር ይላት አልነበር!»

አምስት ሰዓት ከአሥር ላይ ላክሁት።

ከዚያ በኋላ ያለውን ሰዓት እንዴት እንደገፋሁት እኔና ፈጣሪ እናውቃለን። መርፌ ይዤ ሸራው ፊት ቆምኩና ቀዩን ክር መተርተር ጀመርኩ። አንዷም ሴት ምሳ አልበላችም። ስድስት ሰዓት ከአርባ ላይ ስልኬ ላይ ያሉት ሁለት ጭረቶች ሰማያዊ ሆኑ። አነበበችው! መልስ ጠበቅሁ። አንድ ደቂቃ፣ አምስት ደቂቃ፣ አሥር ደቂቃ። መልስ የለም። ባለሙያዋ በራሷ ስልክ ደወለች፤ «የደወሉላቸው ደንበኛ ስልክ ጠፍቷል» የሚለው ድምፅ መጣ። ገብቷት ነው ያጠፋችው? ወይስ አውቶቡስ ላይ ባትሪዋ አልቆ? ወይስ እሱ ሳይመለስ እዚያው ደርሶ? ጋሼ በየአምስት ደቂቃው ደጁን ያያሉ፣ ይመለሳሉ።

ሁለት ፖሊሶች መጥተው ጨርቅ መቁረጫው ክፍል ውስጥ ተቀመጡ። አንደኛው «የእርስዎን መልእክት በእርግጥ እሱ እንደሚያነብ በምን እናውቃለን?» አለኝ። ባለሙያዋ አሰበችና አንድ ነገር በጆሮዬ ነገረችኝ።

ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን አምስት ደቂቃ ሲቀረው የመኪና ድምፅ ሰማን። በሩ ተከፈተ። አማቻችን የጨርቅ ጥቅል በትከሻው ተሸክሞ ገባ፤ ሸሚዙ በላብ ረጥቧል፣ ዓይኑ ቀልቷል። «እትዬ፣ አጥፍቻለሁ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። መንገድ ተዘግቶ ነው» አለ። እያወራ ዓይኑ በማሽኖቹ መካከል ይዞራል፣ ባዶው የሚጢ ወንበር ላይ ቆመ፣ ወደ በሩ ተመለሰ።

ከተማው አራት ሰዓት፣ መመለሻው አራት ሰዓት። እኔ ይህን እያወቅሁ እንኳ ፈገግታውን ሳይ አንድ ቅጽበት ተሳስቼ ይሆን አልኩ። እንዲህ ነው ሰውየው። «አይዞህ፣ አውርደው» አልኩት። ስልኬን ጠረጴዛው ላይ፣ እሱ ፊት ለፊት አስቀመጥኩና ወደ ካውያዋ ዞርኩ። «እስቲ ላኪልኝ።»

የካውያዋ ስልኳን ተጫነች። የእኔ ስልክ ጠረጴዛው ላይ «ትንግ» አለ። በዚያው ቅጽበት፣ በሸሚዙ ኪስ ውስጥ፣ «ትንግ»።

እጁ ወደ ኪሱ ሄደና መንገድ ላይ ቆመ።

«ስልክህ ነው» አልኩት።

ከዚያ የሸሚዝ ቁልፍ ቀዳዳ የምትሠራዋ ላከች። ትንግ፣ ትንግ። ከዚያ ቁልፍ የምትተክለዋ። ከዚያ ሁሉም። አርባ አንድ ሴት እየተነሣች አንድ በአንድ ላከች፣ አንዲትም ሴት ሳትናገር፣ እኔ ጠረጴዛ ላይ አንድ ጊዜ፣ እሱ ደረት ላይ አንድ ጊዜ። ጥቅሉ ከትከሻው ወደቀ። ዞሮ ሊወጣ ሲል ጋሼ በሩን ዘግተው ጀርባቸውን ሰጥተውታል። እኚያ ሽማግሌ እንደዚያ መቆም እንደሚችሉ አላውቅም ነበር።

ፖሊሶቹ ወጡ። ስልኩን ከኪሱ አወጡና ከፈቱት። አየሁት። የእኔና የእህቴ ወሬ ከላይ እስከ ታች። ስለ ጉንፋኗ የጻፈችልኝ። ሌሊት እየባነነች የምትነሣው። «አሁንስ ደህና እንቅልፍ ጀመርኩ» ያለችው። ሁሉንም ሲያነብ ከርሞ፣ ማክሰኞና ዓርብ ፊቴ ቆሞ «ደህና መሆኗን ብቻ ይንገሩኝ» ይለኝ ነበር።

እጁን አስረው ሲያወጡት አጠገቤ ሲደርስ ቆመ። ድምፁን አሁንም ከፍ አላደረገም። «እትዬ» አለኝ፣ «እኔን ምን ይወቅሱኛል? ቁጥሩን ግድግዳ ላይ የሰፉት እርስዎ አይደሉም?»

መቀስ የሚሉኝ እኔ፣ ለማንም መልስ አጥቼ የማላውቀው እኔ፣ አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ውሸት ቢሆን ኖሮ እቆርጠው ነበር።

አሥር ሰዓት ሆነ። አሥር ተኩል። ሚጢ በበሩ አልገባችም፣ ይህ ደህና ነው። ግን የትም የለችም። የዚያኛው ከተማ ፖሊስ ሰማያዊውን በር አግኝቶት ነበር፤ ተቆልፏል፣ ማንም የለም አለ። ፖሊሱ ልብስ ማጠቢያ ቤቱንም ጠይቆ «ምሳ ወጥታ አልተመለሰችም» ብለውታል። ራሴን ይዤ ሸራው ሥር፣ ጋሼ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ገድያታለሁ አልኩ። በሃያ ከሃያ ገደልኳት።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ። የማላውቀው ቁጥር። በሕይወቴ የማላውቀውን ቁጥር አንሥቼ አላውቅም። አነሣሁት።

«እትዬ?»

ስልኩን በሁለት እጄ ያዝኩት።

«እትዬ፣ አንቺ ነሽ? ተናገሪ! እሱ ነው እንዴ ያጻፈሽ? ምን አደረገሽ?» እያለቀሰች ነበር። «ይቅርታ የሚለውን ሳይ ስልኬን አጥፍቼ በጓሮ በር ወጣሁ። ስሮጥ ቆይቼ አንዲት ሴትዮ ቤት ገባሁ፤ ስልኩ የእሷ ነው። አንቺ ይቅርታ ብለሽ አታውቂም እኮ! ገድሎሽ በስልክሽ የሚጽፍ ነው የመሰለኝ። አራት ሰዓት ሙሉ ሞተሻል ብዬ አለቀስኩ።»

«አለሁ» አልኩ። «ተይዟል። አለሁ።» አርባ አንዱ ሴቶች እልልታቸውን ሲያቀልጡት ጋሼ ፊታቸውን በቆባቸው ሸፈኑ።

እሱ ታስሯል፤ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ነው። ሸራውን አውርደነዋል። ክሩ ከወጣም በኋላ የመርፌው ቀዳዳ ቁጥሩን ያስነብብ ነበርና ቀድጄ አቃጠልኩት። አሁን ስልክ የምናስቀምጥበት የሚቆለፍ ሳጥን አለ፤ ጋሼ ደግሞ የእያንዳንዷን ቤተሰብ ቁጥር በደብተር ይዘው በድርጅቱ ስልክ ይደውላሉ። ይህን ያህል ቀላል ነበር።

እሑድ ዕለት ብርድ ልብሱን ራሴ ይዤ ሄድኩ። ሚጢ ሰማያዊውን በር ከፈተችልኝ። ከስታለች። እነዚያ ሁለት ጣቶቿ ዛሬም አይታጠፉም። መንገዱን ሙሉ ስለማመደው የመጣሁት አንድ ነገር ነበር፤ በጽሑፍ ሳይሆን በአፌ፣ ለማጥመጃ ሳይሆን ለእሷ። ብርድ ልብሱን አልጋዋ ላይ አስቀመጥኩና ፊቷ ቆምኩ።

«ሚጢዬ» አልኩ፣ «ይቅር…»

በዚያ በማይታጠፍ ጣቷ አፌን ያዘችው። ዓይኗ ከእኔ አልፎ በሩን ያያል።

«እትዬ፣ በሞቴ እንዳትዪው» አለችኝ። «አንቺ ያን ቃል ስትዪ እግሬ ሊሮጥ ይነሣል።»

እኔም ዋጥኩትና «እሺ፣ እንቀጥል» አልኳት። ያን ጊዜ ነው ትንፋሿ የተመለሰው።